ስልክ ሲነጠቅ መጀመሪያ የቱ ይዘጋል፦ ሲሙ ወይስ ስልኩ?

ጥገና_22 (ክሩን የከፈተ)

ስልክ የተነጠቀ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው የዕቃውን ዋጋ ነው። የበለጠ የሚያስፈራው ግን ውስጡ ያለችው ሲም ናት። የቴሌብር መግቢያ፣ የባንክ ኮድ መቀበያ፣ የቴሌግራምና የጂሜይል ቁልፍ ሁሉ ያቺ አንዲት ቁጥር ሆናለች። ስክሪኑ በጣት አሻራ ቢዘጋም ሲሟን በመርፌ አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ መክተት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ሁሉ ለሌባው ይደርሰዋል። ስለ መሸፈኛና ስለ ስክሪን መከላከያ ሌላ ቦታ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንነጋገረው ስልኩ ገና እጃችሁ እያለ በግማሽ ሰዓት ስለሚያልቅ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ሲም ፒን። ይህ ከስክሪን መቆለፊያው የተለየ ነው፤ የሚቀመጠው ሲሟ ላይ ስለሆነ ወደየትኛውም ስልክ ብትዛወር አብሯት ይሄዳል። ስልክ ሲበራ ወይም ሲም ሲቀየር ፒኑ ካልተጻፈ ኔትወርክ አይገባም፣ ኤስኤምኤስም አይደርስም። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ሴኩሪቲ ኤንድ ፕራይቬሲ ገብታችሁ ከታች «አዘር ሴኩሪቲ ሴቲንግስ» በሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ቦታው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ሴቲንግ መፈለጊያው ላይ «ሲም» ብሎ መጻፍ ይቀላል። አይፎን ላይ ሴሉላር በሚለው ሥር ነው። ሁለት ሲም የያዘ ስልክ ከሆነ ለሁለቱም ለየብቻ ይደረጋል፤ አንዷን ብቻ ቆልፎ መተው የተለመደ ስንፍና ነው።

ቀጥሎ ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ መልእክት እንዳያሳይ አድርጉ። ሌባው ስልኩን ሳይከፍት የባንክ ኮድ ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ከቻለ ሲም ማውጣትም አያስፈልገው። ኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ፣ ስክሪን ሲቆለፍ መልእክት መምጣቱ ብቻ እንዲታይ፣ ጽሑፉ ግን እንዲደበቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ቴሌግራምም የመግቢያ ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው በቴሌግራሙ ውስጥ ስለሆነ ኤስኤምኤስን ብቻ መደበቅ አይበቃም።

ሦስተኛው አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩ የራሱ መለያ ቁጥር ነው። *#06# ደውሉ፣ 15 አሃዝ ይመጣል፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ካርቶኑ ላይም ታትሟል፤ ችግሩ ካርቶኑን የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ፖሊስ ጋር ስታመለክቱ «ጥቁር ሳምሰንግ» ማለት ምንም አይጠቅምም። ስልኩ ሲገኝ የእናንተ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ቁጥርና የግዥ ደረሰኙ ነው።

ሲነጠቅ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ከማንኛውም የቴሌ ቁጥር 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ። ቴሌብር በ127፣ ንግድ ባንክ በ951 ይገኛሉ።

አዲስ_ገቢ

ጥገና፣ እናመሰግናለን። ሲም ፒኑን ለማብራት ስገባ «የአሁኑን ፒን አስገባ» ይላል። እኔ ግን አስገብቼ አላውቅም። 0000 ልሞክር ወይስ 1234?

ጥገና_22

አትገምት። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትክ ሲሙ ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ይጠይቅሃል። ፒዩኬውን ደግሞ 10 ጊዜ ከተሳሳትክ ሲሟ ለዘለዓለም ትዘጋለች፤ ያኔ ምትክ ሲም ከማውጣት ሌላ መንገድ የለም።

የመጀመሪያው ፒንና ፒዩኬ ሲሟ ተሰብራ የወጣችበት የፕላስቲክ ካርድ ላይ አሉ። ካርዱ ከጠፋ 994 ደውለህ ጠይቅ፤ ባለቤትነትህን ለማረጋገጥ የተመዘገበ ስምህንና መታወቂያህን ሊጠይቁህ ይችላሉ። ከገባህ በኋላ ፒኑን ቀይረው። መቀየሪያውን ሴቲንግ ውስጥ ካጣኸው ከመደወያው **04*አሮጌው*አዲሱ*አዲሱ# ብለህ መላክ ትችላለህ። ፒኑ ከ4 እስከ 8 አሃዝ መሆን ይችላል።

አንድ ጉዳት አለው፣ ሳልናገር አልለፍ። ስልኩ ሌሊት ቻርጅ ጨርሶ ከጠፋ ወይም አፕዴት አድርጎ ራሱን አጥፍቶ ካበራ፣ ጠዋት ፒኑን እስክትጽፍ ድረስ ጥሪ አይገባም። አውቶማቲክ አፕዴት ሌሊት እንዲሠራ ያደረጋችሁ ጠዋት ስትነሡ ስልኩን አንዴ እዩት።

ሰርቨር_ክፍል

ጥገና፣ የመጀመሪያው ጽሑፍህ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ አልስማማም። «ሲሙን አዘጉ» ሁሉም የሚለው ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሲሙ ሲዘጋ የሞባይል ዳታው አብሮ ይሞታል። የተነጠቀው ስልክ መንገድ ላይ ነው፣ ዋይፋይ የለውም። ከዚያ በኋላ በጉግል ፋይንድ (የጠፋ ስልክ ከርቀት መፈለጊያና መቆለፊያ) «ቆልፍ» ብትሉት ትእዛዙ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ስልኩ ጋ አይደርስም። ቦታውንም አያሳይም።

በተለይ ስልኩ ክፍት ሆኖ ከእጅ ከተነጠቀ! ዛሬ የሚበዛው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሰው ታክሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሲያወራ ወይም ካርታ ሲያይ። ሞጭላፊው የወሰደው የተቆለፈ ስልክ ሳይሆን የተከፈተ ጋለሪ፣ የተከፈተ ቴሌግራም፣ የተከፈተ ጂሜይል ነው። መቅደም ያለበት ያንን መቆለፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለ ሰው ስልክ ላይ ፋይንድ ሃብ ግቡ፤ እስከ 2025 ድረስ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ይባል የነበረው ነው። ቆልፉት፣ ከዚያ ሲሙን አዘጉ።

የካዛንቺሷ

ሰርቨር፣ ያልከው የሚሠራው የጂሜይል ፓስወርዱን በቃሉ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስንቱ ያውቃል? ያውቃልም እንበል፤ ጉግል «ስልክህ ላይ የላክነውን አዎ በል» ይላል። የትኛው ስልክ ላይ? የተነጠቀው ላይ። በዚህ ሲንገላታ 20 ደቂቃ ያልፋል። ያን ጊዜ ሲሙ ሌላ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ኮድ እየተቀበለ ነው። 994 ግን ፓስወርድ አይፈልግም፤ ስምና ቁጥር ነው።

ሰርቨር_ክፍል

ልክ ነሽ፣ ሳይዘጋጅ ለተነጠቀ ሰው እንዳልሽው ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ጉግል አካውንት፣ ሴኩሪቲ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ «ባክአፕ ኮድስ» የሚል አለ። ስልኩ እጃችሁ ሳይኖር ለመግባት የሚያገለግሉ 10 ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፣ አንዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ። ወረቀት ላይ ተጽፈው ከቤት ይቀመጡ፤ ሁለቱ ደግሞ ከስልኩ ጋር በማይሄድ ቦርሳ ውስጥ። ስክሪንሾት አድርጎ እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መስቀል ነው።

ከዚህ ሌላ አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ብዙ ስልኮች ላይ ሴቲንግ፣ ጉግል ውስጥ «ቴፍት ፕሮቴክሽን» የሚባል ገብቷል። ሦስት ነገር አለበት። አንደኛው ስልኩ በድንገት ተነጥቆ ሲሮጥ እንቅስቃሴውን ለይቶ ስክሪኑን ይዘጋል። ሁለተኛው ስልኩ ከኢንተርኔት ሲቆረጥ ይቆልፋል፤ ሌባው ቶሎ ኤርፕሌን ሞድ ስለሚያደርግ ይህ ጥሩ ነው። ሦስተኛው «ሪሞት ሎክ» ነው። አስቀድሞ ከበራ፣ አንድሮይድ ዶት ኮም ስላሽ ሎክ ላይ ገብቶ የራስን ስልክ ቁጥር በመጻፍ ብቻ ያለ ጂሜይል ፓስወርድ መቆለፍ ይቻላል። የካዛንቺሷ ያነሳችውን ችግር የሚፈታው ይሄኛው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ካላገኛችሁት ስልካችሁ አይደግፈውም።

ጥገና_22

እንግዲህ የሁለታችሁን እናስታርቅ። ወሳኙ ጥያቄ ሲም ፒን አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ሲም ፒን ካለ፣ ሲሟ ወጥታ ሌላ ቀፎ ውስጥ ብትገባም አትሠራም። ስለዚህ ጊዜ አላችሁ፤ የሰርቨርን ቅደም ተከተል ያዙ፣ መጀመሪያ ስልኩን ቆልፉ፣ ቦታውን እዩ፣ ከዚያ 994። ሲም ፒን ከሌለ የካዛንቺሷን ያዙ፤ ሲሙ ይቅደም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ክርክሩም አያስፈልግም፣ አንዱ ይደውል፣ አንዱ ይቆልፍ።

«ኢሬዝ» የሚለውን ለመጫን ግን አትቸኩሉ። አንድሮይድ ላይ ስልኩ አንዴ ከተደመሰሰ ቦታውን መከታተል ያበቃል። ሚሞሪ ካርድ ካለም ላይደመሰስ ይችላል፤ የመታወቂያ ፎቶና የውል ኮፒ ሚሞሪ ካርድ ላይ የምታስቀምጡ ይህን አስቡበት።

ካርታው ቦታ ካሳየ ብቻችሁን አትሂዱ። አጠገብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ አይኤምኢአዩን ይዛችሁ ሂዱ። ካርታ የሚያሳየው ክብ ነው፤ በተጠጋጉ ቤቶች መሀል ያ ክብ አምስት ግቢ ሊይዝ ይችላል።

ብር_ቆጣቢ

ስለ ቴሌብር አንድ የተዘለለ ነገር አለ። ሰው «ሒሳቤ ውስጥ 300 ብር ብቻ ነው ያለው፣ ምን ይወስዳል» ይላል። ፒኑ ከታወቀ የሚወሰደው ያለው ብር ብቻ አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ቴሌብር ላይ መላና እንደኪሴ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች አሉ። ብድር የማግኘት ደረጃ ላላችሁ፣ ሌባው በስማችሁ ተበድሮ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዕዳው የእናንተ ነው።

ፒኑ 6 አሃዝ ነው፣ እና ብዙ ሰው የልደት ቀኑን ያደርገዋል። አሁን የስልክ መሸፈኛችሁን ገልብጣችሁ እዩ። መታወቂያ፣ የባንክ ካርድ፣ አንዳንዱ ላይ ፋይዳም አለ። የልደት ቀኑ እዚያው ተጽፏል፤ በሀበሻም በፈረንጅም ሞክሮ ለመገመት ሁለት ዕድል ይበቃዋል። ስልክ መሸፈኛ ቦርሳ አይደለም። የስልኩ ጀርባ ላይ ከሁለት መቶ ብር የታክሲ ገንዘብ ሌላ ነገር መኖር የለበትም።

ፒንን «የቄስ ስልክ» ወይም «ባንክ አዲሱ» ብሎ ኮንታክት ውስጥ መመዝገብም ያው ነው። ሌቦች መጀመሪያ የሚፈልጉት «ፒን»፣ «ባንክ»፣ «ኮድ» የሚሉ ቃላትን ነው፤ በኮንታክት፣ በኖት እና በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ።

ከሪያድ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዓረብ አገር ላለነው ነገሩ ትንሽ ይለያል። የአገር ቤት ሲማችን ቦርሳ ውስጥ ተኝታ ቴሌግራማችን ግን በእሷ ቁጥር የተከፈተ ብዙ ነን። ሲም ለረጅም ጊዜ ካርድ ካልተሞላባት ቁጥሯ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲከፍት በእናንተ አካውንት ይገባል። ከዚያ ለቤተሰብ «ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ይሄዳል።

እህቶቼ ሆይ፣ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን አሁን በምትጠቀሙበት ቁጥር ቀይሩ፤ ቻቱም ግሩፑም አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፣ ፓስወርድ ስጡ፣ ማስታወሻ ኢሜይልም ጨምሩ። ኢሜይል ሳይሰጥ ፓስወርዱ ከተረሳ አካውንቱን እንደ አዲስ ለመክፈት 7 ቀን መጠበቅ አለ፤ ያኔ የድሮው ቻት ሁሉ ይጠፋል። ዋትሳፕ ላይም እንዲሁ 6 አሃዝ ፒን አለው።

994ም ሆነ 127 ከዚህ አይደወልም፤ አጭር ቁጥር የሚሠራው አገር ውስጥ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያለ አንድ የምታምኑት ሰው ቁጥራችሁንና ሙሉ ስማችሁን ይወቅ፣ እሱ ይደውልላችሁ።

ሰርቨር_ክፍል

ከሪያድ ያልሽው ላይ ልጨምር። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ለ24 ሰዓት የድሮዎቹን ማስወጣት አይችልም። ይህ ሁለት ፊት አለው። የሆነ ሰው ኮድ ሰርቆ ቢገባባችሁ እናንተን ወዲያው ማባረር አይችልም፤ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ እናንተ ታባርሩታላችሁ። በሌላ በኩል ስልካችሁ ከተነጠቀና በአዲስ ስልክ ከገባችሁ፣ ሌባው እጅ ያለውን ቴሌግራም በዚያ ቀን መዝጋት አትችሉም። ስለዚህ ቤት ባለ ላፕቶፕ ወይም አሮጌ ታብሌት ላይ አስቀድሞ ቴሌግራም ይከፈት። ስልኩ ሲሄድ ከዚያ ሆኖ በአንድ ጠቅታ ማስወጣት ይቻላል።

አዲስ_ገቢ

አንድ ሰው «ጥቅል ተሸልመዋል፣ ይህን ቁጥር ይደውሉ» ብሎ በ**21* የሚጀምር ኮድ ልኮልኛል። ምንድን ነው?

ጥገና_22

አትደውለው። **21* ጥሪ ማዛወሪያ ነው። ከመጨረሻው ኮከብ በኋላ ያለው ቁጥር የላኪው ነው፣ ስትደውል ወደ አንተ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ከዚያ ዋትሳፕ ወይም ቴሌግራም ላይ በቁጥርህ ገብቶ «ኮዱን በድምፅ ጥሪ ንገሩኝ» ይላል፤ ጥሪው እሱ ጋ ይገባል። ስልክህ ከእጅህ ሳይወጣ ተሰረቅህ ማለት ነው።

ተዛውሮ እንደሆነ ለማየት *#21#፣ ሁሉንም ማዛወሪያ ለማጥፋት ##002#። ስትዘጋ ወይም ኔትወርክ ሳይኖርህ ብቻ የሚሠሩ ማዛወሪያዎችም ስላሉ ##002# ይሻላል፣ ሁሉንም ያነሳል። ውጭ አገር ያላችሁ የድምፅ መልእክት ሳጥን ካላችሁ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ መልሶ ማብራት ይቻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አሜሪካ ላላችሁ፦ እዚህ ሌባው ስልኩንም አይነካም። ለኩባንያው ደውሎ እናንተን መስሎ ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ያዛውራል። መከላከያው ነጻ ነው፣ ግን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ቬራይዘን አፕ ውስጥ «ሲም ፕሮቴክሽን» እና «ነምበር ሎክ»፣ ቲሞባይል ላይ «ሲም ፕሮቴክሽን»፣ ኤቲኤንድቲ ላይ ደግሞ «ዋየርለስ አካውንት ሎክ» ይባላል። በቤተሰብ ፕላን ላይ ያላችሁ ለእያንዳንዱ መስመር መብራቱን እዩ፤ የእናትና የአባት መስመር ነው ሁልጊዜ የሚረሳው።

የካዛንቺሷ

አይፎን ለያዛችሁ ሦስት ነገር። ሴቲንግ፣ ፌስ አይዲ ኤንድ ፓስኮድ ውስጥ «ስቶለን ዲቫይስ ፕሮቴክሽን» አብሩ፤ ከአይኦኤስ 17.3 ጀምሮ አለ። ሲበራ፣ ከቤትና ከሥራ ቦታ ውጭ ሆኖ የአፕል ፓስወርድ ለመቀየር ፊት ይጠይቃል፣ አንድ ሰዓትም ያስጠብቃል። ካፌ ውስጥ ፓስኮዳችሁን ከትከሻ በላይ አይቶ ስልኩን የሚወስድ ሌባ በቁጥሩ ብቻ አካውንቱን መንጠቅ አይችልም። እዚያው ገጽ ላይ ስልኩ ሲቆለፍ ኮንትሮል ሴንተር እንዳይከፈት አጥፉ፤ ኤርፕሌን ሞድ ከዚያ ነው የሚበራው። ሳምሰንግም ተመሳሳይ አለው፣ ሎክ ስክሪን ውስጥ «ሎክ ኔትወርክ ኤንድ ሴኩሪቲ» ይባላል።

ሦስተኛው ከተሰረቀ በኋላ ነው። ምትክ ሲም ካወጣችሁ ከቀናት በኋላ «የጠፋው አይፎንዎ ተገኝቷል፣ ቦታውን ለማየት እዚህ ይጫኑ» የሚል ኤስኤምኤስ ሊመጣ ይችላል። ከአፕል የመጣ ይመስላል፣ የሚከፈተውም ገጽ ትክክለኛውን ይመስላል። የሌባው ወይም ስልኩን የገዛው ሰው ወጥመድ ነው፤ ፓስወርዱን ከጻፋችሁ አክቲቬሽን ሎኩን (አይፎኑን ከእናንተ አካውንት ጋር ያሰረውን መቆለፊያ) ከፍቶ ይሸጠዋል። ስልኩ ቢጠፋም ከፋይንድ ማይ (የአፕል ስልክ መፈለጊያ) ዝርዝር ውስጥ አታስወጡት። ተቆልፎ እስካለ ድረስ የሚሸጠው ለመለዋወጫ ብቻ ነው።

ብር_ቆጣቢ

ያገለገለ ስልክ የምትገዙም ከዚህ ተማሩ። ሻጩ ፊታችሁ ፋክተሪ ሪሴት ያድርግና እስከ መጨረሻው ያብራው። የድሮ ጉግል አካውንት ወይም አፕል አይዲ ከጠየቀ ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ወንድሜ ፍላሽ ያደርግልሃል» የሚል ሻጭ ከየት እንዳመጣው ራሱ ነግሯችኋል። *#06# የሚያሳየውም ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር።

ሸገር_ልጅ

እናቴ ባለ በተን (ስማርት ያልሆነ) ስልክ ነው የምትይዘው። ቴሌብር በ*127# ትጠቀማለች፣ ልጆቿ ብር የምንልክላት በሱ ነው። ይሄ ሁሉ እሷን ይመለከታል?

ጥገና_22

ፋይንድ ሃቡና ቴሌግራሙ አይመለከታትም። ሲም ፒኑ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት እሷን ነው፤ ምክንያቱም ባለ በተን ስልክ በአብዛኛው የሚቆለፈው በኮከብ ነው፣ ማንም ይከፍተዋል። ሲም ፒን ለብቻው አይበቃም፤ ስልኩ ሳይጠፋ እንደበራ ከተወሰደ ሲሟ ክፍት ናት። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ፎን ሎክ» ካለውም አብራው፣ 4 አሃዝ ይበቃል፤ ለእሷ የሚቀል፣ የልደት ዓመቷ ያልሆነ። የአንተን ቁጥር የመጨረሻ 4 አሃዝም አትስጣት፣ ኮንታክቷ ውስጥ አለ።

ቴሌብር ፒኗን ባትሪው ሥር በወረቀት አጥፋ እንዳታስቀምጥ። እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው፣ ሌቦችም ያውቃሉ። ወረቀቱ ከቤት ይሁን፤ እሱ ላይ የሲሙ ፒን፣ ፒዩኬው፣ አይኤምኢአዩ እና ስትነጠቅ የሚደወልበት የአንተ ቁጥር ይጻፍ። እሷ 994 ይዛ ወረፋ ከምትጠብቅ አንተ ብትደውል ይፈጥናል። ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ ግን አሁኑኑ አጣራ። በአክስት ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ሲም ከሆነ ምትክ ለማውጣት የምትቸገረው ያኔ ነው፤ ባለቤቷን ይዘህ አገልግሎት ማዕከል ሄደህ ወደ እናትህ ስም አዛውረው።

ሸገር_ልጅ

በአጎቴ ስም ነው። ቅዳሜ ይዣቸው እሄዳለሁ።